ጠላ ጠማቂው ንጉሥና የጡት ወንድሙ

ኑ፣ ወደ እኔ ጠጋ ጠጋ በሉ። ልጅ የሆነ ጆሮውን ያምጣ፤ አዋቂ የሆነ ልቡን ያምጣ። እኔ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለነገ ታቆዩታላችሁ። ተስማማን? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ አባቶቻችን ሳይወለዱ፣ የአባቶቻችንም አባቶች ሳይወለዱ፣ በአንድ ደጋ አገር አበጋዝ የሚባል ንጉሥ ነበረ። አገሩ ገብስ የማይነጥፍበት፣ ሕዝቡ ግብር የማያጓድል፣ ጎረቤቱም የማይደፍረው ነበረ። ይህ ንጉሥ ግን ሌላ ንጉሥ የማያደርገውን ነገር ያደርግ ነበር። ጠላ ይጠምቅ ነበር።

አዎ፣ ንጉሥ ሆኖ ጠላ ይጠምቅ ነበር። አትሳቁ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ክረምት ንጉሡ ከፈረስ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ አሰረለት፤ እስኪገጥም ድረስ ከአልጋ እንዳይወርድ ነገረው። ችሎት የለ፣ አደን የለ፣ ጉግስ የለ። ዝናቡ ይዘንባል፤ እሱ ተጋድሞ ጣሪያ ይቆጥራል። የተኛበት ክፍል መስኮት ወደ ጓሮ የሚያይ ነበረ። በጓሮው፣ ዳስ ሥር፣ የግቢው ሴቶች ጌሾ ሲወቅጡ፣ ብቅል ሲፈጩ፣ ጋን ሲያጥኑ ያያል። መጀመሪያ ቀኑ እንዲያልፍለት ብሎ አየ። ቀጥሎ እየጠየቀ አየ። በኋላ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።

እግሩ ሲገጥም በምርኩዝ እያነከሰ ወረደና ሴቶቹ መካከል ተቀመጠ። “እስቲ አሳዩኝ” አለ። ሴቶቹ ደነገጡ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ጠላ ጠመቀ ማለት ነውር ነበረ። ግን ንጉሥ ነውና እምቢ አይባልም። አሳዩት። ነውር ነው ብሎ የተናገረም ሰው አልተገኘም። ንጉሥ ሲያነክስ መንገዱ ጠማማ ነው ይባላል እንጂ ንጉሡ አነከሰ አይባልም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ንጉሡ ሥራውን ወደደው። ገብሱን ራሱ ይነክራል፣ ራሱ ያበቅላል። ለጠላው የሚገባውን እህል፣ አሻሮውን፣ ራሱ ይቆላል። ማለዳ ማለዳ፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ጥንስሱ ጋ ሄዶ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ያሸታል። ድፍድፉ መፍላት ሲጀምር ጆሮውን ጋኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ውስጡ ቱስ ቱስ ሲል በጦር ሜዳ ድል ባደረገ ጊዜ ያልተሰማው ደስታ ይሰማዋል። ደግሞም አንድ ዓይነት አይበቃውም። ከገብስ ነጩን፣ ከዳጉሳ ጥቁሩን፣ ከማሽላ ቀዩን፣ ወፍራሙን ኮረፌ፣ ቀጭኑን ቅራሪ፣ ሁሉንም ይሞክራል። ሊሸጠው አይደለም። ሊሰክርበትም አይደለም። እንዲያው መሥራቱን ወደደው።

የመጀመሪያው የገብስ ጠላ ደረሰ። ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስቦ በገዛ እጁ ቀዳላቸው።

ከመኳንንቱ መካከል አዛዥ ናደው የሚባል የጠጅ ቤቱ ሹም ነበረ። ምላሱ ማር፣ ዓይኑ ንሥር የሆነ ሰው ነው። አዛዥ ናደው ቀመሰና “ግሩም ነው” አለ። መኳንንቱም ቀመሱና “ግሩም ነው” አሉ። በር ጠባቂውም ሳይቀምስ “ግሩም ነው” አለ።

ንጉሡ ደስ አለው። ደስ ቢለውም ራሱ ሲቀምሰው አንድ ነገር ቅር አሰኘው። ምን እንደሆነ ግን ሊያውቀው አልቻለም። ይህን ጊዜ የጡት ወንድሙን ቢያድጎን አስታወሰ።

ቢያድጎ ከአምባው ታች ወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው። እናቱ የንጉሡ ሞግዚት ነበረች። ሁለቱን ልጆች አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጡቷ አጥብታ አሳደገቻቸው። አድገው አበጋዝ ነገሠ፣ ቢያድጎ አረሰ። እንዲህም ሆኖ ብቻቸውን ሲሆኑ ቢያድጎ ንጉሡን በስሙ ይጠራዋል፤ “አንተ” ይለዋል። ሰው ፊት ሲሆን ግን “ጃንሆይ” ብሎ እጅ ይነሳል። ወጉን ያውቃል።

ንጉሡ ጠላውን በገምቦ አድርጎ በበቅሎ አስጭኖ ወረደ። ቢያድጎ ከአውድማው ዳር ተቀምጦ መንሽ ይጠግን ነበር። ንጉሡ ምን እንዳመጣ አልነገረውም፤ በሽክና ቀድቶ ሰጠው። ቢያድጎ ተጎነጨ። አፉን በመዳፉ ጠረገ።

“አበጋዝ፣ ይህን ማን ጠመቀው?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ልንገርህ። ጋኑን ስታጥን ወይራው በዝቶብሃል። ጠላ የጠጣሁ ሳይሆን ጢስ የዋጥሁ መሰለኝ።”

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። “መኳንንቱ ሁሉ ግሩም ነው ብለዋል” አለ።

“እነሱ የቀመሱት አንተን ነው። እኔ የቀመስሁት ጠላውን ነው።”

“ለመሆኑ አንተ መጥመቅ ታውቃለህ?”

“መጥመቅስ አላውቅም” አለ ቢያድጎ። “መጠጣት ግን አውቃለሁ።”

ንጉሡ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወደ አምባው ተመለሰና ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሳጥቦ እንደገና፣ ጢሱን ቀነስ አድርጎ አጠነው። ሁለተኛው የገብስ ጠላ ከመጀመሪያው ተሻለ።

ቀጥሎ የዳጉሳውን ጠላ ጠመቀ። በዚህኛው ልቡ ሞልቶ ነበር። ለመኳንንቱ ቀዳ። አዛዥ ናደው “ግሩም ነው” አለ። መኳንንቱም “ግሩም ነው” አሉ። ንጉሡ ገምቦውን አስጭኖ ወደ ወንዙ ወረደ።

ቢያድጎ ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨ። “አሻሮው አርሯል” አለ። “ምላሴ ላይ ከሰል ቀረ።”

አሁን ንጉሡ አልሳቀም። ስንት ቀን የደከመበት ነው። ደህና ዋል እንኳ ሳይል በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ። ብዙ ሳምንት ወደ ወንዙ አልወረደም፤ ወደ ጋኖቹም አልቀረበም። አዛዥ ናደው ይህን አይቶ፣ ገበሬ ስለ ንጉሥ እጅ ሥራ ምን ያውቃል እያለ ያጽናናው ነበር። ነገር ግን ማጽናናቱ አላጽናናውም። እጁ ሥራ ናፈቀው። በመጨረሻ ተነሣና ዳጉሳውን በለዘበ እሳት፣ ሳይቸኩል፣ ሳያርፍ እያማሰለ ቆላው። ጠመቀ። አሳደረ። ደረሰ። አሁን ለመኳንንቱ ሳይቀዳ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ።

ቢያድጎ ስለ ቀረበት ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረም። ሽክናውን ተቀበለና ጠጣ። ንጉሡ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ቢያድጎ ጨለጠውና ሽክናውን ዘረጋ።

“ጨምርልኝ” አለ።

ንጉሡ ጨመረለት። እሱንም ጨለጠው።

“ጨምርልኝ።”

ስለ ጠላው ሌላ ነገር አልተናገረም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አብረው ተቀመጡ። ስለ ልጅነታቸው አወሩ፤ ስለ ሞተችው እናታቸውም አወሩ። ንጉሡ በበቅሎ ላይ ሆኖ እያንጎራጎረ ወደ አምባው ወጣ። ከዘውዱ ቀን ይልቅ ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ቅናት የገባው፣ ልጆቼ። አዛዥ ናደው ንጉሡ ሲያንጎራጉር ሰማ። ከየት እንደመጣም አጣርቶ አወቀ። ይህን ሁሉ ጊዜ “ግሩም ነው” ሲል ኖሮ ንጉሡ አንድ ቀን እንኳ አንጎራጉሮለት አያውቅም። አንድ ገበሬ “ጨምርልኝ” ስላለ ንጉሡ ዘፈነ። አዛዥ ናደው ነገሩን በሆዱ ያዘ። በቢያድጎ ላይ ሐሰት አልተናገረም። ሐሰት ይጋለጣል። እሱ የመረጠው እውነትን ወጥመድ ማድረግ ነበር።

የንጉሡ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ከጎረቤት አገር ባላባቶች ተጠሩ። አዛዥ ናደው ወደ ንጉሡ ቀርቦ ምክር ሰጠ። በሠርጉ ላይ ንጉሡ በእጁ የጠመቀው ጠላ ይቀርብ አለ። ደግሞም ንጉሡ የሚያምነው ያ የወንዝ ዳሩ ሰው በእንግዶቹ ፊት ቢመሰክር የንጉሡ ክብር ከፍ ይላል አለ። ንጉሡ ነገሩ ጣፈጠው። ያንን “ጨምርልኝ” አገር ሁሉ እንዲሰማለት ተመኘ።

ለሠርጉ ቀዩን የማሽላ ጠላ ጠነሰሰ። ግን ልቡ አላርፍ አለ። በየቀኑ ጋኑን ከፍቶ ይቀምሳል። ጠዋት ይከፍታል፣ ይቀምሳል፣ ይዘጋል። ቀትር ይከፍታል፣ ይቀምሳል፣ ይዘጋል። ሴቶቹ ይተያያሉ፤ ንጉሥ ነውና ተው የሚለው የለም። እንግዶቹም ወንዝ ሞልቶባቸው ዘገዩ። ጋኑ እየተከፈተ እየተዘጋ ከረመ።

የሠርጉ ቀን ሆነ። ዳሱ ሞላ። ንጉሡ በዙፋኑ፣ ባላባቶቹ በቀኝና በግራው፣ ቢያድጎ ከጭሰኞቹ ጋር ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጠላው ተቀዳ። አዛዥ ናደው “ግሩም ነው” አለ። መኳንንቱ “ግሩም ነው” አሉ። እንግዶቹም የሰው አገር ሰዎች ናቸውና “ግሩም ነው” አሉ።

“አሁን ወንድሜ ይቅመሰው” አለ ንጉሡ። “ቢያድጎ፣ ወደዚህ ና።”

ቢያድጎ ነጠላውን አደግድጎ መጣና እጅ ነሳ። በወርቅ ዋንጫ ሰጡት። ተጎነጨ። ከዚያም ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

“እህስ ቢያድጎ?”

“ጃንሆይ፣ ነገ ቤቴ ይምጡና እነግርዎታለሁ።”

“አሁን ንገረኝ።”

“ጃንሆይ፣ ሠርጉ ይለፍና እነግርዎታለሁ።”

“አሁን ንገረኝ።”

“ጃንሆይ፣ ጆሮዎን ያቅርቡልኝና በጆሮዎ እነግርዎታለሁ።”

ንጉሡ ጆሮውን ሊያቀርብ ዘንበል ብሎ ነበር። አዛዥ ናደው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሆኖም ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

“በጃንሆይ ቤት በሹክሹክታ የሚነገር ነገር አለ እንዴ?”

እንግዶቹ ተያዩ። ንጉሡ ቀና አለ። “ጮክ ብለህ ተናገር” አለ።

ቢያድጎ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አንድ ቃል ነበረች። ግን ያችን ቃል ለወንድሙ ብሎ አያውቅም።

“ኮምጥጧል፣ ጃንሆይ።”

ከእንግዶቹ አንዱ ጎረምሳ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አመለጠው። ያ ሳቅ በንጉሡ ላይ ከጦር የከፋ ሆነበት። ተነሥቶ ቆመ። የወንዝ ዳሩ መሬት ከቢያድጎ ተወስዶ ለሌላ እንዲሰጥ፣ ቢያድጎም ከነቤተሰቡ ከገደሉ ማዶ ወደ ቆላ እንዲወርድ፣ ንጉሡ ራሱ በሕይወት እስካለ ድረስም ደጋውን ዳግም እንዳይረግጥ ፈረደ። ቢያድጎ አልተከራከረም። “እግዜር ያኑርዎት” ብሎ እጅ ነሣና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ በአምባው አፋፍ ቆሞ ወደ ታች አየ። ቢያድጎ አንድ በሬ እየነዳ፣ ሚስቱ እንወይ ዕቃ ተሸክማ፣ ልጆቻቸው ተከትለዋቸው ወደ ገደሉ ይሄዳሉ። ገና ወንዙን አልተሻገሩም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ፈረሰኛ ቢልክ ኖሮ ይደርስባቸው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጣራ እንኳ ይሰሙት ነበር። ንጉሡ አልላከም። አልተጣራም። ቁጣው ገና አልበረደም ነበር።

ቁጣ ይበርዳል። ቁጣው ሲበርድ ደግሞ ኀፍረት መጣበት። ዛሬ እልካለሁ፣ ነገ እልካለሁ ሲል ዓመት አለፈ። የተናገረውን የሚያጥፍ ንጉሥ ምን ይባላል እያለ ሌላ ዓመት አለፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ ሆነ።

ንጉሡ መጥመቁን አልተወም። ከገብስ ይጠምቃል፣ ከዳጉሳ ይጠምቃል፣ ከማሽላ ይጠምቃል። መኳንንቱ ሁልጊዜ “ግሩም ነው” ይላሉ። እሱም ቀስ በቀስ አመነ። ካመነ በኋላ መጠንቀቅ ተወ። አሻሮው ሲያር አያይም፤ ጢሱ ሲበዛ አያሸትም።

አንድ ቀን ለበዓል የሚታረዱ ሙክቶች ከአዳራሹ ጀርባ ታስረው ነበር። ንጉሡ መኳንንቱን በአዳራሹ ከጠላውና ከቀጂዎቹ ጋር ትቶ በዚያ ሲያልፍ የሙክቶቹ ነገር ገረመው። አንዱ እየተንገዳገደ ሄዶ ግድግዳውን ይገጫል። አንዱ አራት እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል። አንዱ ደግሞ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ንጉሡ በሽታ ገባ ብሎ ሊያያቸው ቀረበ። ከአዳራሹ መስኮት ሥር ገንዳ አለ። ገንዳው ሞልቷል።

ወዲያው ከመስኮቱ አንድ እጅ ወጣና ዋንጫ ገልብጦ ገባ። ቀጥሎ ሌላ እጅ ወጣ፤ ገልብጦ ገባ። ቀጥሎ ሌላ። በመጀመሪያው እጅ ላይ ንጉሡ ራሱ የሸለመው የወርቅ ቀለበት ነበረ። ከውስጥም የአዛዥ ናደው ድምፅ ተሰማ። “ግሩም ነው” ይላል።

ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ገንዳው ውስጥ ነከረና ቀመሰ። የገዛ እጁን ሥራ እንደ ባዕድ ቀመሰው። ጢስ ጢስ ይላል፣ አሯል፣ ኮምጥጧል። ሦስቱም አብረው ነበሩ።

ጣቱን ጠርጎ ሄደ። ግን በልቡ ብልሃት አሰበ።

በማግስቱ የአዳራሹን መስኮት በጭቃ አስደፈነና መኳንንቱን ጠራ። ሦስት ጋን አስቀረበ። ከመጀመሪያው ጋን ጠላ ቀዳ። ጠጡና “ግሩም ነው” አሉ። ከሁለተኛው ጋን ቀዳ። ይህ አመድ የተበጠበጠበት ቅራሪ ነበረ። ጠጡና “ግሩም ነው” አሉ። ከሦስተኛው ጋን ቀዳ። ይህ ደግሞ የጋን እጣቢ ነበረ። አዛዥ ናደው ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

“ጃንሆይ፣ እስከ ዛሬ ከጠመቁት ሁሉ ይህ ይበልጣል” አለ።

“እንግዲያው ጋኑን ሳትጨርሱ አትነሡም” አለ ንጉሡ።

መስኮት የለ፣ መድፊያ የለ። ጠጡ። ላብ አጠመቃቸው። ሆዳቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ንጉሡም ያጠጣቸው እጣቢ መሆኑን ነገራቸውና ለምን ሲዋሹት እንደኖሩ ጠየቀ። ሁሉም አቀረቀረ። በመጨረሻ አዛዥ ናደው ከእግሩ ሥር ወደቀ።

“ጃንሆይ፣ ይግደሉኝና ልናገር። እውነቱን የተናገረው ሰው ወዴት እንደሄደ አይተናል።”

ይህን ወጥመድ ያጠመደው አዛዥ ናደው ራሱ ነበረ፤ ቢሆንም ቃሉ እውነት ነበረች። ንጉሡ ቀጂዎቹን አስቆመ። አዛዥ ናደውን ከሹመቱ ሽሮ የሙክት ጠባቂ አደረገው። አገር ሳቀ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። ቅጣቱ የሱን ልብ አላሳረፈለትም።

ያን ዕለት ንጉሡ ብቻውን ወደ ጓሮው ወረደ። ማንም እንዲረዳው አልፈቀደም። ገብሱን አንድ በአንድ እየለቀመ ነከረ። ጋኑን በልኩ አጠነ። አሻሮውን በለዘበ እሳት ቆላ። ድፍድፉን ከደፈደፈ በኋላ እንዳይኮመጥጥ ጋኑን መርጎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሳይከፍት ጠበቀ። ቢያድጎ የነገረውን ሁሉ እያስታወሰ ሠራ። ጠላው ሲደርስ አልቀመሰውም። በገምቦ አድርጎ በበቅሎ ጫነና፣ ዘውዱን ትቶ ተራ ጋቢ ለብሶ፣ አንድ አሽከር አስከትሎ ወደ ቆላ ወረደ።

መንገዱ ረጅም፣ ቆላው ሐሩር ነበረ። ንጉሡ እየሄደ ለቢያድጎ የሚለውን ይለማመዳል። ይቅር በለኝ እለዋለሁ ይላል። አይደለም፣ መጀመሪያ ቀድቼ እሰጠዋለሁ ይላል። በመንደር መንደር እየጠየቀ ከአንዲት ጎጆ ደረሰ። እንወይ ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ቀና ብላ አየችው። ጋቢ ቢለብስም አወቀችው። ሰፌዷን ጥላ መሬት ሳመች።

“ቢያድጎ የት አለ?” አለ ንጉሡ።

እንወይ በአገጭዋ ወደ ኮረብታው አመለከተች። “እዚያ ነው” አለች።

ንጉሡ አየ። ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር መቃብር አለ። የደጋ ሰው ቆላ አይስማማውም፤ ንዳድ ይዞት አምና መስከረም ሲጠባ ዐርፏል።

ንጉሡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየና፣ ቢያድጎ ረግሞት እንደሆነ ጠየቃት። አልረገመዎትም አለችው በትሕትና ቃል። የመንደሩ ሰው ንጉሡን ሲያማ ቢያድጎ ይቆጣ ነበር አለች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀን ጠብቄ መናገር ነበረብኝ ይል ነበር አለች። ብቻ የጌሾ መልቀሚያ ሲደርስ ወደ ደጋው ዞሮ ይቆምና አንድ ነገር ይል ነበር።

“ምን ይል ነበር?”

“‘አበጋዝ አሁን ጌሾ እየወቀጠ ነው። ማን ይነግረው ይሆን?’ ይል ነበር።”

ንጉሡ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አሽከሩ ዞር አለ። እንወይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ ንጉሡ ተነሣ። ገምቦውን ከበቅሎው ፈታ። በሽክና ቀዳና እንደ አሳላፊ በሁለት እጁ ይዞ ለእንወይ ሰጣት። “ለእሱ ያመጣሁት ነበር” አለ። “አንቺ ቅመሽልኝና እውነቱን ንገሪኝ።”

እንወይ ተቀበለች። ተጎነጨች።

“ግሩም ነው፣ ጃንሆይ” አለች።

“እንወይ፣ ምንም አላደርግሽም። እውነቱን ንገሪኝ።”

“እንዲህ ያለ ጠላ ቀምሼ አላውቅም፣ ጃንሆይ።”

“በእናታችን በቢያድጎ እናት ይዤሻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ።”

እንወይ ሽክናውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ጎጆዋ በር አየች።

“ጃንሆይ፣ ልጆች አሉኝ” አለች።

ንጉሡ ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ገምቦውን እዚያው ትቶ፣ በቅሎውን አሽከሩ እየሳበለት፣ በእግሩ ገደሉን ወጣ።

የወንዝ ዳሩን መሬት ለእንወይና ለልጆቿ መለሰላቸው። በሬም ጨመረላቸው። እነሱም ተመለሱ፤ እሱ ሲያልፍ ከሩቅ ቆመው እጅ ይነሳሉ። ደግሞም ነጋሪት አስመትቶ አዋጅ አስነገረ። ለንጉሡ እውነት የሚናገር ሰው አይነካም፣ ይሸለማል እንጂ አለ። ሕዝቡ አዋጁን ሰማ፣ አዋጁን አመሰገነ፣ ወደየቤቱ ሄደ። ለሽልማቱ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። እነሱም ወደ ቆላው የወረደውን ሰው አይተዋል።

ንጉሡ ከዚያ ወዲህ ጠላ አልጠመቀም። ጋኖቹን ለግቢው ሴቶች ሰጠ። ክረምት ሲመጣ በመስኮቱ ቁጭ ብሎ ሲሠሩ ያያቸዋል እንጂ አይወርድም። አንዳንዴ አንዷ ቀድታ ታመጣለታለች፤ ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ እንዴት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ያ የመጨረሻው ጠላ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አላውቅም፣ ልጆቼ። ንጉሡም ሳያውቅ ነው የሞተው።

አበው “የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል” ያሉት ለዚህ ነው። ያስለቀሳችሁን ሰው ከደጃችሁ ከማባረራችሁ በፊት እንባችሁን ጠርጋችሁ ደግማችሁ እዩት። እሱ ከሄደ በኋላ የሚያስቋችሁ ብዙ ናቸው፤ የሚነግራችሁ ግን የለም።

እኔ ያፌን ሰጥቻችኋለሁ፤ እናንተ በልባችሁ አስቀምጡት። እግዜር ከእውነተኛ ወዳጅ አይለያችሁ።